ጨጓራ በካሜራ ተሰፍቶ አምስት ዓመት ሲሞላው ምን ይቀራል? ያደረጋችሁ ንገሩኝ

ማር_እሸት (ሜሪላንድ)

ሰላም ለዚህ ቤት። እስከ ዛሬ አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ስለምጽፍ ግር አይበላችሁ።

38 ዓመቴ ነው፤ ቁመቴ 1.62፤ ትናንት ጠዋት ሚዛኑ 104 ኪሎ አለኝ። በ2018 ለመክሳት ብዬ ጨጓራዬ ውስጥ ፊኛ አስገብቼ ስድስት ወር ይዤው ከርሜአለሁ። 13 ኪሎ ቀነስኩ። ፊኛው በወጣ በዓመት ከመንፈቁ 13ቱም ተመለሱ፤ ብቻቸውንም አልመጡ፣ ሦስት እንግዳ አስከትለው ነው። ከስቼ ሳለሁ "ምነው፣ አሞሽ ነበር እንዴ?" ይሉኝ የነበሩት ሰዎች አሁን "ተመችቶሻል!" ይሉኛል። የቱ የበለጠ እንደሚያናድደኝ አላውቅም።

አሁን ሌላ ሐኪም ጋ ሄጄ ጨጓራ እንዲጠብ በአፍ በሚገባ ካሜራ ከውስጥ ስለመስፋት ነገሩኝ። ሆድ አይቀደድም፣ ከጨጓራው ተቆርጦ የሚወጣ ነገር የለም፣ ብዙ ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። የሰጡኝ ወረቀት ላይ "ከትርፍ ክብደትዎ ግማሹን" ይላል፤ በአንድ ዓመት ማለታቸው ነው። "በአምስተኛውስ?" ብዬ ብጠይቅ "እሱ እንግዲህ እንደ ሰዉ ነው" ተባልኩ። የፊኛው ጊዜም መልሱ ይኸው ነበር። ኢንሹራንሴ አይከፍልም፤ ከኪሴ የሚወጣው ደህና ያገለገለ መኪና ይገዛል። እናቴ ገና አልሰማችም። ብትሰማ "ሆድሽን እንደ ጆንያ ልታሰፊው ነው?" እንደምትለኝ አውቃለሁ።

ያደረገ ካለ፣ የመጀመሪያውን ዓመት ፎቶ ተዉትና ዛሬ ስንት ኪሎ እንደሆናችሁ ንገሩኝ።

የሪያዱ

እህቴ፣ እኔ አለሁልሽ። ሪያድ ነው የምኖረው፤ ያሰፋሁት በ2020 መጨረሻ ነው። 121 ኪሎ ነበርኩ፣ ቁመቴ 1.74። በዓመቱ 98 ገባሁ። ዛሬ 107 ነኝ። የጠየቅሽው ቁጥር ይኸው።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ቀላል አልነበሩም። ቁርጠቱ ከእንብርት በላይ ይነሣና ትከሻ ድረስ ይወጣል፤ ውኃ እንኳ በማንኪያ ነው የጠጣሁት። ሁለት ሳምንት የምስር መረቅ በወንፊት፣ ከዚያ የላመ ነገር፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ ምግብ። በሰባተኛው ሳምንት ሰርግ ተጠራሁ። አንዲት እናት ጉርሻ ጠቅልለው መጡ፤ ክትፎ ነው፣ የልጅ ጡጫ ያክላል። "ጨጓራዬ ተሰፍቷል" አይባል ነገር። ጎረስኩ። ጉርሻ ደግሞ አንዱ ያጣላል፣ ሁለተኛውም መጣ። ቀጥታ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣሁና ሱፌን እንደለበስኩ ከአንድ ፒክአፕ ኋላ አስመለስኩት።

የመጀመሪያው ዓመት ረሃብ የሚባለውን ረስቼው ነበር። እንጀራው ፊቴ ቁጭ ብሎ ጠርዙ ይደርቃል። ሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ አንድ ቀን ቲቪ እያየሁ ሙሉ እንጀራ ጨርሼ ሳህኑን ሳየው ደነገጥኩ። በካሜራ ሲያዩት ከላይ በኩል ያለው ስፌት ላልቷል። "ድጋሚ ማጥበቅ ይቻላል" አሉኝ፤ እኔ አላደረግኩም።

ጉልበቴ አሁንም ደህና ነው፣ ማንኮራፋቴም እንደ ድሮው አልተመለሰም። መልሰህ ታደርገዋለህ ወይ ብትይኝ አዎ እላለሁ። 98 የገባሁ ጊዜ ለሰው ሁሉ ደውዬ "ተገላገልኩ" ማለቴን ግን እተወው ነበር።

ቆፍጣናው

ይቅርታ ይደረግልኝና ይሄ ሁሉ ስፌት ምን ያደርጋል? 55 ቀን ዐቢይ ጾም አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። አባቶቻችንን ማን ሰፋቸው? አፍን መዝጋት ነው!

እትዬ_ወለቴ

ልጄ ቆፍጣናው፣ እኔ ከ40 ዓመት በላይ ጾሜአለሁ። የወፈርኩትም በጾም ነው። ከቅዳሴ መልስ ፓስታው በዘይት፣ ሳምቡሳው በዘይት፣ ድንቹ በዘይት፣ ላዩ ላይ ለስላሳ። ጾም ለነፍስ ነው፤ ለቦርጭ ነው ብሎ ያስተማረን ቄስ የለም። ልጅቷን ተዋት፣ የጠየቀችው ሌላ ነው።

ሌሊት_ተረኛ

እትዬ ወለቴ እጅዎ ይሳም!

እኔ አሜሪካ የኢንዶስኮፒ (በካሜራ ውስጥን የሚያዩበት) ክፍል ነርስ ነኝ። ማር እሸት፣ የያዝሽው ወረቀት ላይ ስላለው "ግማሽ" መጀመሪያ ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት በመቶ አለ። አንዱ ከጠቅላላ ክብደትሽ ስንት ቀነስሽ የሚል ነው። ሌላው ከ"ትርፉ" ብቻ፣ ማለትም ቢኤምአይሽ (ክብደት ከቁመት ጋር የሚመዛዘንበት ቁጥር) 25 ቢሆን ከምትመዝኚው በላይ ካለው ስንቱ ሄደ የሚል ነው። ማስታወቂያ የሚወደው ሁለተኛውን ነው፤ ቁጥሩ ትልቅ ይመስላላ።

በ2022 ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ በዘጠኝ ማእከላት፣ ቢኤምአያቸው ከ30 እስከ 40 በሆነ 209 ሰዎች ላይ ነው የተሠራው። ለማን እንደሚሰፋ በዕጣ ተለየ። በዓመቱ የተሰፉት ከትርፋቸው 49.2 በመቶ ቀነሱ፤ ያንቺ "ግማሽ" የመጣው ከዚህ ነው። እነዚያው ሰዎች በዚያው ቀን ከጠቅላላ ክብደታቸው የቀነሱት ግን 13.6 በመቶ ነው። ምግብና እንቅስቃሴ ብቻ የተመከሩት 0.8 በመቶ። ከባድ ጉዳት ከተሰፉት 2 በመቶው ላይ ደርሷል፣ የሞተ የለም።

ወደ አንቺ ላምጣው። በቁመትሽ 25 ማለት 65.6 ኪሎ ነው፤ ትርፍሽ 38 ከምናምን። በወረቀቱ ሂሳብ 19 ኪሎ ትጠብቂያለሽ። በጠቅላላው ሂሳብ 14። በአንድ ጥናት፣ ባንድ ሴት ላይ፣ የአምስት ኪሎ ልዩነት! እንዳንቺ ክብደቱ ከፍ ላለ ሰው ትርፉ ስለሚበዛ፣ የሌላውን "ግማሽ" መዋስ አያዋጣም። 14ቱን ያዢ።

ስለ አምስተኛው ዓመት ያለው ታዋቂ መረጃ ከኒው ዮርኩ ዌይል ኮርኔል ሆስፒታል ነው፣ በ2021 ወጣ። አማካይ ቢኤምአይ 39፤ አንቺን በጣም የሚመስሉ ሰዎች። በአንደኛው ዓመት 15.6፣ በሦስተኛው 14.9፣ በአምስተኛው 15.9 በመቶ ከጠቅላላ ክብደት። ካንቺ 104 ላይ 15.9 በመቶ ሲነሣ 87 ከግማሽ ገደማ ይቀራል። ቢኤምአይሽ 33 ይሆናል። ልብ በይ፣ እሱም ቢሆን በመዝገብ ላይ "ውፍረት" ነው የሚባለው። ይህን ሰምተሽ ከከፋሽ አሁን ይክፋሽ፤ ከፍለሽ ከምትሰሚው ይሻላል።

ማር_እሸት

ሌሊት ተረኛ፣ እውነት ለመናገር ከፋኝ። 70 ነበር በጭንቅላቴ የነበረው። አልዋሽም፣ ቀሚስ ሁሉ መርጫለሁ።

ግን 87 ላይ መጨረሻ የነበርኩት ልጄን ሳልወልድ ነው።

ጠርጣሪው

ያ የኒው ዮርኩ ጥናት የጀመረው በ216 ሰው ነው። አምስተኛው ዓመት ላይ የሚወራው ስለ 68 ሰው ነው። የቀሩት የት ገቡ? የወፈረ ሰው ሐኪሙ ዘንድ አይመለስም፣ ያፍራል። የሚመለሰው የከሳው ነው። እንዲህ እየቆጠሩማ ማን ይሸነፋል።

ሌሊት_ተረኛ

ግማሹ ልክ ነህ ወንድሜ። 148ቱ ጠፍተው ሳይሆን፣ ጥናቱ ሲዘጋ አምስት ዓመት ገና አልሞላቸውም ነበር። የሞላቸው 68ቱ ናቸው። ከነሱ ውስጥ የተገኙት 82 በመቶ ናቸው። ስለዚህ ወደ 12 የሚጠጉ ሰዎች ምን እንደሆኑ የሚታወቅ ነገር የለም። ያልከው ሐፍረት እነሱ ላይ ይሠራል፤ በክፍላችንም አየዋለሁ። ሰው በቀጠሮው ቀን "ጉንፋን ይዞኝ" ብሎ ይሰርዛል፣ በኋላ ሱፐርማርኬት ውስጥ ስታገኘው ጋሪውን ወደ ሌላ መደዳ ያዞራል።

አማካዩ ደግሞ ሌላ ነገር ይደብቃል። በአምስተኛው ዓመት ከተገኙት 61 በመቶው 10 በመቶና ከዚያ በላይ እንደቀነሱ ናቸው። 10 በመቶን የማይሞሉት፣ ከአሥሩ አራቱ ያህል፣ ያንኑ ገንዘብ ከፍለዋል፤ ያንኑ ሦስት ቀን ተሠቃይተዋል። ማር እሸት፣ ከአሥሩ አራቱ ውስጥ ብትወድቂ ምን ትያለሽ? እኔ ብሆን ከማደንዘዣው በፊት ራሴን የምጠይቀው ይህን ነው።

ከነታንያ

እኔ የቀዶ ሕክምናውን ስሊቭ ነው ያደረግኩት፣ እዚህ እስራኤል፣ በ2017። መንግሥት የሚሸፍነው የሕክምና ቅርጫት ውስጥ ስላለ የከፈልኩት ከቁም ነገር አይቆጠርም። ከጨጓራዬ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ተቆርጦ ወጥቷል፤ ሐሳቤን ብቀይር የሚመለስ ነገር የለም። ከ118 ወርጄ ዛሬ 86 ነኝ። ቁጥር ከሆነ የምትፈልጊው የኔ ይበልጣል።

ግን ሌሊት ቃሩ አያስተኛኝም። ትራሴ ሦስት ነው፤ ባሌ "ቁጭ ብለሽ ነው የምትተኚው" ይለኛል። በርበሬ ከቤቴ ወጥቷል፣ ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ። የተሰፋው ላይ ቃር እንደኛ አይበዛም ይላሉ። የሪያዱ፣ አንተ አለብህ?

የሪያዱ

እኔ የለብኝም፣ ተመስገን። እዚሁ ሪያድ የሠሩት ትልቅ ንጽጽር አለ፤ 3018 የተሰፉ ከ3018 ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ጋር ተጣምረው። ከጠቅላላ ክብደት በሚቀነሰው ቀዶ ሕክምናው በአንደኛው ዓመት ወደ 10 በመቶ ነጥብ ይበልጣል፤ በሦስተኛው ልዩነቱ ጠብቦ ወደ 5 ይመጣል። እኔ ያን ጊዜ ባውቀውም ምርጫዬ አይቀየርም ነበር፤ ቢላ እፈራለሁ፣ አለቀ።

ሐኪም_ከአራዳ

አዲስ አበባ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ስለ ስፌቱ ሌሊት ተረኛ በደንብ አስረድታለች። እኔ ስለ ፊኛው አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህን ውይይት የሚያነቡ ሌሎችም ይኖራሉና።

ባለፈው ዓመት አንድ ሰው ተረኛ ሳለሁ እየተርበተበተ መጣ። ሽንቱ አረንጓዴ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ይዞት መጥቷል፤ በእውነት የደጀን ሜዳ ይመስላል። መርዝ ጠጥቼ ይሆን ብሎ ነው የሚያስበው። ሳጣራ ውጭ አገር ፊኛ አስገብቶ የመጣ ነው፤ ስምንት ወር ሆኖታል። በስድስተኛው ወር እንዲያወጣ ነግረውታል፤ እሱ ግን እየቀነስኩ ስለሆነ ትንሽ ልጨምርበት ብሏል። ፊኛው በጨው ውኃ ሲሞላ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ቀለም ይገባበታል፤ ቢቀደድ ሽንት ቀለም ቀይሮ እንዲናገር ነው። ተናገረ። የተኮማተረው ፊኛ ወደ አንጀት ወርዶ ቢሆን ኖሮ ቀዶ ጥገና ነበር የሚጠብቀው። ደግነቱ ገና ጨጓራው ውስጥ ነበር፤ በካሜራ ወጣለት። ውጭ ሄዳችሁ ፊኛ የምታስገቡ፣ ስትሄዱ የማውጫውንም ቲኬት ቁረጡ።

ፊኛ አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው አሜሪካ ውስጥ በ1985 ተፈቅዶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከገበያ ወጥቷል። አሁን ያሉት ፈሳሽ ፊኛዎች በ2015 ነው እዚያ የተፈቀዱት። ከ2016 ጀምሮ እስከ 2018 አጋማሽ ድረስ ፊኛ ካስገቡ ሰዎች በዓለም ዙሪያ የ12 ሞት ሪፖርት ለአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና ዕቃ ተቆጣጣሪ፣ ለኤፍዲኤ፣ ደርሶታል። ከገቡት ብዛት አንጻር ጥቂት ነው፤ ሆኖም "ቀላል ነገር ነው፣ ፊኛ ናት" ለሚሉ ሻጮች ይህን አስታውሱልኝ።

ውጤቱን በተመለከተ የማር እሸት ታሪክ የተለመደው ታሪክ ነው። ግሪኮች 500 ሰው ተከታትለው ነበር። ፊኛው ሲወጣ ከትርፍ ክብደት 42 በመቶ ያህል ሄዷል፤ በአምስተኛው ዓመት የቀረው 13 በመቶ ገደማ ነው። እህቴ፣ ያኔ ያጠፋሽው ነገር አልነበረም። ዕቃው ሲወጣ ሥራውም አብሮ ይወጣል።

ማር_እሸት

ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ እኔ ሰነፍ ሆኜ ነው ብዬ ነበር የማስበው። የመጨረሻዋን መስመር ለባሌ አነበብኩለት።

መርፌ_ነኝ

ለምንድን ነው ሰው እስካሁን ስለ ስፌት የሚያወራው? ሳምንታዊው የማክሰሻ መርፌ አለ አይደል። እኔ ዌጎቪ ላይ ሆኜ 17 ኪሎ ቀንሻለሁ። ካሜራ የለ፣ ማደንዘዣ የለ።

ሌሊት_ተረኛ

ጎበዝ፣ እሰየው። መርፌው ጥሩ ነው፤ በዋናው ጥናት በ68 ሳምንት 14.9 በመቶ አውርዷል፣ ከስፌቱ ጋር ጎን ለጎን ነው። ሌላው መርፌ፣ ቲርዜፓታይድ፣ ደግሞ በትልቁ መጠን 20.9 ደርሷል፣ ይበልጣል። ጥያቄው ስታቆሚው ምን ይሆናል የሚለው ነው። ያቆሙትን አንድ ዓመት ተከታትለው ሲመዝኗቸው ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። ዶክተሩ ስለ ፊኛው ያለው ለመርፌውም ይሠራል። ስፌቱ ባለበት ይቀመጣል፣ እሱ ነው ልዩነቱ፤ ግን የሪያዱ እንደነገረሽ እሱም ይላላል። የጨጓራ ግድግዳ ሕይወት ያለው ሥጋ ነው፤ ቀን ከሌት ይኮማተራል፣ ክሩን ይስበዋል።

ለቆፍጣናውም፣ ንቄህ አይደለም ወንድሜ። ስኳር ባለባቸው ከ5,000 በላይ ሰዎች ላይ አሜሪካ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ ምግብና እንቅስቃሴ ላይ ጠንከር ያለ ክትትል የተደረገላቸው በስምንተኛው ዓመት 4.7 በመቶ ነው የቀነሱት። ያውም አሠልጣኝ እየደወለላቸው። አፍ መዝጋት ሰዉ ሳይሞክረው ቀርቶ አይደለም።

እኔ ማር እሸትን ብሆን ሁለቱንም አቀናጅተው የሚሠሩ ዘንድ እሄዳለሁ፤ ሰፍተው፣ ክብደቱ መመለስ ሲጀምር መድኃኒቱን የሚጨምሩ። "ሰፋንሽ፣ በሰላም ግቢ" ከሚልሽ ግን ሽሺ።

ቆፍጣናው

እሺ፣ ይቅርታ። ወንድሜ 140 ኪሎ ነው፣ በንዴት ነው የጻፍኩት። እሱን ቀን በቀን ነው የምሰድበው። የሪያዱ፣ በውስጥ መስመር ላናግርህ?

የሪያዱ

በደስታ ወንድሜ፣ ከሥራ ስወጣ።

ማር_እሸት

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ሐኪሙ ዘንድ ሄጄ ከዚህ የለቀምኩትን ጠየቅኩ። እስካሁን ለስንት ሰው ሰፍታችኋል፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቶቹን መዝናችኋል፣ ቢላላ ድጋሚ የሚያጠብቀው ማነው፣ ዋጋውስ? ለመጀመሪያው ቶሎ መለሰ። ሁለተኛው ላይ ብዕሩን አስቀመጠና "ሐቁን ልንገርሽ፣ ግማሹን አናገኛቸውም" አለኝ። ይህን በማለቱ የበለጠ አመንኩት፤ ልክ ልሁን አልሁን እንጃ። ሦስተኛው በጽሑፍ ይላክልኛል።

አሠራሩን በስዕል አሳየኝ። ጠማማ መርፌ ከካሜራው ጫፍ ላይ አለ፤ እንደ ቡሽ መክፈቻ የተጠማዘዘች ሽቦ ግድግዳውን ስባ ትይዝለታለች፣ እሱ ይወጋል፣ ከታች ወደ ላይ እየሸበሸበ ይመጣል። የእናቴ ጆንያ ያን ያህል ስሕተት አልነበረም። በነገራችን ላይ ነገርኳት። መጀመሪያ ዝም አለች፣ ከዚያ "ሽሮ ትበያለሽ?" ብላ ጠየቀች። በሁለተኛው ወር እበላለሁ ስላት ቀለል አላት።

ቀጠሮ ግን ገና አልተያዘልኝም። ለምርመራ ካሜራ አስገብተው ሲያዩ ጨጓራዬ ውስጥ ባክቴሪያው ተገኘ፣ ኤች ፓይሎሪ። መጀመሪያ እሱ ይጥፋ ብለው መድኃኒት ሰጥተውኛል።

ሐኪም_ከአራዳ

መልካም አድርገዋል። እኛ አገር ደግሞ ይህ ባክቴሪያ ከሰዉ ግማሽ ያህሉ ላይ ይገኛል። አንቲባዮቲኩን ከጨረስሽ በኋላ መጥፋቱን ለማረጋገጥ ቢያንስ አራት ሳምንት ጠብቂ፤ የአሲድ መቀነሻውንም ከምርመራው በፊት ለሁለት ሳምንት አቁሚው፣ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል።

ማር_እሸት

እሺ ዶክተር። አሁን ስድስተኛ ቀኔ ነው፤ አፌ ብረት ብረት ይለኛል። ይሄ ጤና ነው?

ሌሊት_ተረኛ

ከኪኒኖቹ አንዱ ያመጣዋል፣ ሲያልቅ ይሄዳል። ዝንጅብል ማኘክ የሚረዳቸው አሉ። ስምንት ቀን ቀርቶሻል።